ፀጉሯ ተበጥሯል

ቡናማው ፖስታ በበሩ ቀዳዳ ወደቀ፤
ሦስት ቀን ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተኝቶ ጠበቀ።
በአራተኛው ቀን ዴዝሞንድ፣ ጎረቤቴ፣
ወተት ይዞልኝ ሲገባ ወደ ቤቴ
አነሣው፤ ቀደደው፤ መነጽሩን ፈልጎ
አነበበው ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ሞይራ ታስከር” ይላል፣ “በቀጠሮዋ ዕለት
ሰዓቷን አክብራ መጣች፣ ያለ አንዳች መዘግየት።
ፀጉሯ ተበጥሯል። ልብሷም ንጹሕ ነው።
የተጠየቀችውን ዐይን ለዐይን እያየች ነው የመለሰችው።
ፈገግ ብላለች አንዴ። አልተንቀጠቀጠችም።
ውሻ አላት፤ ስለዚህ ከቤት መውጣት አያቅታትም።”

ከሥሩ ሠንጠረዥ። ምግብ ማብሰል፣ ዜሮ።
ገላ መታጠብ፣ ዜሮ። ከሰው መነጋገር፣ ዜሮ።
ብቻዋን መንገድ መሄድ፣ እሱም ዜሮ።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ግሪምስቢ ወደብ ዓሣ ስሰነጥቅ
እንዲህ ያለ ክብ ዐይን ነበር ከበረዶው የሚያፈጥብኝ፣
ሳይርገበገብ፣ ሳይጠይቅ።

ተጠየቅ እንግዲህ፣ አንተ ባለብዕር!
ማን አበጠረልኝ ያልኸውን ፀጉር?
ሮዌና ናት፣ የወንድሜ ሚስት። ንጋት ላይ መጥታ
በገንዳው ጠርዝ እንደ ሕፃን አስቀምጣ፣
የሁለት ሳምንቱን ቋጠሮ አንድ ባንድ ፈትታ፣
እንቢ ያለውን በመቀስ ቆርጣ።
ሰዓቴን አከበርሁ? እንዴት አላከብር!
ሌሊቱን በሙሉ ጫማዬን አጥልቄ ደረጃው ላይ ነበር
ያደርሁት፣ ኮቴን ደርቤ፣
እንቅልፍ ይዞኝ እንዳልቀር ሰግቼ።
ያየሁትም ዐይንህን አይደለም፤
ከበስተኋላህ፣ ግድግዳው ላይ፣ “መውጫ” የሚለውን አረንጓዴ መብራት ነው።
ፈገግታዬ? ከአንገት በላይ። የፈራ ሰው ጥርስም ይታያል።
ውሻውማ…
“የቤት እንስሳ አለሽ?” ስትለኝ “ባክስተር” አልሁ።
በፋሲካ ሰሞን ሞቷል። ማሰሪያው እስካሁን በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።
“ነበረኝ” የምትለዋ ቃል አፌ ውስጥ ዞራ ዞራ
አልወጣ ብላኝ ነው።

ለመቃወሚያ አንድ ወር ሰጡኝ። ሃያ ስድስቱ ቀን
ብዕር ሳያይ አለፈ፤ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ቀኑንና ሌቱን
ሳልለይ፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ትራሴን እያቀፍሁ።
በሃያ ሰባተኛው ሮዌና ጻፈች፣ እኔ ተናገርሁ፤
ፖስታ ቤቱ በር እስክንደርስ አራቴ ተመለስሁ።
መልሱ ባጭሩ፦ “ዳግም አይተነዋል። ውሳኔው ጸንቷል።”
ዜሮ ከዜሮ ተደምሮ ያው ዜሮ ወልዷል።

ይግባኝ ያልሁ ዕለት ነው ሙግቱ የጠና፤
ከነሱ ጋር መስሎኝ፣ ከራሴ ኖሯልና።
ደኅና ቀኖቼን አንድ ባንድ ከሰስኋቸው፦
ያቺን እሑድ፣ እስከ ባሕሩ ዳር የሄድሁባትን፣
ያንን ማታ፣ እንቁላል የጠበስሁበትን፣
“ይህችኛዋ እኔ አይደለሁም፣ አትመኗት” እያልሁ
በገዛ ጉልበቴ ላይ ምስክር ቆጠርሁ።

ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ሰፊ ጠረጴዛ፣ የታፈነ ክፍል፣
ማንም ያልነካው ውሃ።
ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ፣
“ባለፈው ማክሰኞ ምን በላሽ?” አለችኝ።
“ወተት።”
“ከዚያስ?”
ከኋላዬ የዴዝሞንድ ወንበር ሲጢጥ አለ።
“ከዚያማ ረቡዕ ሆነ።”

“ዐሥራ አንድ ነጥብ!” አለ፣ ሁለተኛውን ፖስታ እያወዛወዘ፤
“አሸነፍሽ፣ ልጄ!” ወተቱን አፈሰሰ፤ መነጽሩን ወለወለ፤
“ከሁለት ዓመት በኋላ ዳግም ይታያል” የምትለዋን መስመር
አንሾካሾከ።
ደስ አለኝ፣ እሱም ደስታ ከተባለ፦
መታመሜ በማኅተም ጸደቀ።

ማምሻውን፣ ሁሉም ሲሄድ፣ ማበጠሪያውን አነሣሁ፤
ከፊት ለፊት ብቻ፣ እስከ ጆሮዬ፣ በገዛ እጄ አበጠርሁ።
ማንም አላየኝም።
አትጻፉት።