አራተኛው መስመር

ንጋት አሥራ ሁለት ላይ ቦታ ይለቀቃል፤
ዐይን ተገልጦ እስኪከደን የተለቀቀው ያልቃል።
ጥርሴን ሳልቦርሽ፣ መብራት ሳላበራ፣
አውራ ጣቴን ስዬ ስታገል ከስልኬ ጋራ፣
“ሦስተኛው መስመር፣ ረቡዕ፣ አርባ አምስት ደቂቃ” —
ያዝኩት! ዛሬስ ቀናኝ። የዘገየ ሰው ይጠብቃ።

የዋና ልብሴን ከካፖርቴ ሥር ከቤት ለብሼ፣
የተጋገረ በረዶ በቦት ጫማ እየሰበርኩ ደርሼ
ተሰለፍኩ። ሳስካቱን፣ ጥር፣ ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት፤
ትንፋሽ በዐይን የሚታይበት፣
ዘንድሮ ደግሞ የሚፈራበት።

በሩ ላይ ወረቀት ይዘው “ሳል አለ? ትኩሳት አለ?”
“የለም” አልኩ። “ከድመት ጋር ክርክር” የሚል ከወረቀቱ ላይ የለ።

መታጠቢያው ታሽጓል፤ ቁም ሣጥኑ በቢጫ ፕላስቲክ ታስሯል፤
ወለሉ ላይ የተሳለ ቀስት እንደ ጉንዳን ይነዳናል።
ጭምብል የሚወልቀው ከውሃው አፍ ደርሶ ነው፤
ለአፍታ እንተያያለን፤
ለካስ ፊትም እርቃን አለው።

ድሮ በአንድ መስመር ስድስት ሰባት ሆነን፣
የፊተኛው ሰው ተረከዝ አፍንጫችንን ደቁሶን፣
በአፋችን “ይቅርታ”፣ በሆዳችን እርግማን፣
“ምነው ብቻዬን በተዉኝ!” ስንል ስንቱን ዘመን፣
ይኸው ተሰጠን።
አንድ መስመር፣ አንድ ሰው፤
ውሃው የሚያናውጠው አጥቶ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ነው።

አራተኛው የቬርና፣ አምስተኛው የኦረስት፤
ሠላሳ ዓመት በአንድ መስመር የዋኙ ባልና ሚስት።
“እኛ እኮ አልጋችን አንድ ነው!” ብሎ ቢሟገት ኦረስት፣
“ደንቡ አልጋ አያውቅም” አሉት።
እሷ ሳቀች። ቀይ ኮፍያዋን እስከ ጆሮዋ ሳበች፤
ገመዱን መሃል አድርጋ ጎኑ ገባች።
ከዚያ ወዲህ ኦረስት በአንድ ጎኑ ብቻ ይተነፍስ ጀመር፣
በእሷ በኩል፤
አንገቱን እስኪያመው ድረስ፣ ሲሄድ በግራ፣ ሲመለስ በቀኝ።

የካቲት ላይ ቀዩ ኮፍያ ቀረ።
ማንም አልጠየቀም፤ በሁለት ሜትር ርቀት የተጠየቀ ጥያቄ
ጩኸት ይሆናል።
መስመሯ ግን በስሟ ተይዟል።
ረቡዕም ተይዟል፤ ዓርብም።
ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል፤ ይህም ደንብ ነው።
ነፍስ አድኗ ደልፊን መዝገቧን ገልጣ
ባዶውን ውሃ ብዙ አየችው፤
ከዚያ ጎንበስ ብላ “መጥታለች” ብላ ጻፈች።

ኦረስት ሃያ ምልልሱን ጨረሰ።
መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አጠለቀ፤
በገመዱ ሥር ሾልኮ አለፈ።
በእሷ መስመር፣ በእሷ ስልት፣ በጀርባው ተንጋሎ፣
ጣሪያውን እያየ ቀዘፈ።
የደልፊን እጅ ወደ ፊሽካዋ ሄደ፤
ፊሽካ ጭምብል ሳይወልቅ አይነፋም፣
ጭምብል ማውለቅ ክልክል ነው፤
እጇ መንገድ ላይ ተመለሰ።
እኔ ቆጠርኩለት። አሥራ ሰባት ላይ ትንሽ ቆመ። ሃያ ሞላ።

ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ፀጉራችን በረዶ ሠርቶ
እንደ ደረቀ ሣር እየተንኮሻኮሸ፣
ሳልጠይቀው ከሩቅ ነገረኝ፦
“ሆስፒታሉ ሰው አያስገባም። በስልክ ነው የምሰማው።
መሣሪያ ይተነፍስላታል፤
እኔ እዋኝላታለሁ።”
ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ እየፈለገ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣
“ዋናው አይቋረጥ እንጂ” አለ።

በማግስቱ ንጋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣
ስልኬ ላይ አራተኛው መስመር አረንጓዴ ሆኖ በራ፤
ያልያዘው ሰው።
እንቅልፍ ጥሎት ይሆን? ወይስ...
ሌሊቱን ስልክ ተደውሎለት ይሆን?
ጣቴ ሦስተኛውን ትቶ ተንጠለጠለ።
ሰባት ቀርቷል። አምስት። ሁለት።
“ስም” ይላል።
ቬርና ብዬ ጻፍኩ።
“ሳል አለ? ትኩሳት አለ?”
“የለም” ብዬ መለስኩላት።