ሃያ አንድ ቋጠሮ

ሦስት ቀን አሠልጥነው ወረቀት ሰጡኝ፣
«አጽናኝ» የሚል ካርድ ደረቴ ላይ ሰኩልኝ።
ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ሒሳብ ነበር ሥራዬ፣
መደመር፣ ማካፈል፣ ጠመኔና ሰሌዳዬ፤
የተሰበረ ልብ በስንት እንደሚካፈል
ማን አስተምሮኝ ያውቃል?

ኬኔማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከቦዩ ማዶ፣
የባይንዱ ቤት አለ፣ በገመድ ታግዶ።
ጠባቂው ወታደር ልጅ ነው፣ ጠብመንጃው ይከብደዋል፤
እሷ ስታስነጥስ እሱ ይደነግጣል።
ባሏን አምቡላንሱ በሌሊት ወስዶታል፤
ለሷና ለልጆቿ ሃያ አንድ ቀን ተቆርጧል።

ወንበሬን ከገመዱ አራት ክንድ አራቅኩና
ወረቀቴን ዘረጋሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩና፦
«በአፍንጫሽ ሳቢ፣ እስከ አራት ቁጠሪ፤
ዜና አታብዢ፤ ከወዳጅ ጋር አውሪ...»

ሣቀች። ሣቋ እንደ ሳል ደረቅ።
«መምህርት፣ የቱን አየር? ይኼን የበረኪናውን?
ከማንስ ላውራ? እህቴ ሩዝ ስታመጣ
መንገድ ዳር አስቀምጣ ትሮጣለች፤
ጥላዬን እንዳትረግጥ እንኳ ትዘላለች።»

ወረቀቱን አጠፍኩት። ዝም አልን። ዝናብ ጣለ።
ከዝምታው ሥር ነው ሌላ ወሬ የበቀለ።

ባይንዱ ጨርቅ ታቀልማለች፤ እንጀራዋ እሱ ነው፤
እስከ ክርኗ ድረስ ሰማይ የመሰለው
እጇ፣ ከሣሙና ብዛት ገርጥቷል።
«ስንተኛ ቀናችን ነው?» አለችኝ።
«አራተኛ።»
ከሣጥን ነጭ ጨርቅ አወጣች፣
ቆንጥጣ ይዛ አራት ቦታ ቋጠረች፤
በክር አጥብቃ አሠረች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ከዚያ ወዲያ በየማታው አንድ ቋጠሮ፣
በየቋጠሮው ውስጥ አንድ ነገር ታሥሮ።
«ይኼ የሌሊቱ ላብ ነው፣ ትኩሳት መስሎኝ የነቃሁበት።
ይኼ ትንሹ ቫንዲ ነው፣ ‹አባዬስ?› ያለበት።
ይኼኛው ንዴት ነው፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣
ጎረቤቴን ‹አንቺንም ይያዝሽ› ያልኩበት።»
ካሠረች በኋላ አታወራበትም፤
እሳት ልታነድ፣ ልጆቿን ልታበላ ትገባለች።

እኔ ማታ ቤቴ እጄን እስኪላጥ አጥባለሁ፣
ግንባሬን በመዳፌ ዐሥር ጊዜ እለካለሁ፣
እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የመሐረቤን ጫፍ እይዛለሁ።
ለማንም አልተናገርኩም።

በዘጠነኛው ቀን ስልክ ተደወለ።
አላጠበችው፣ አልቀበረችው፣ መቃብሩ ቁጥር ብቻ አለው።
ያን ማታ ቃል የለም። ክሩን ሳበች፣ ሳበች፣
ጣቷን እስኪቆርጣት።
ወረቀቴ ለዚህ ተራ ቁጥር የለውም።
አቅፌ ላስለቅሳት ገመዱ አይፈቅድም፤
በሁለት ወገን ሆነን አንድ ልቅሶ አለቀስን።
ወታደሩ ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ፤
ትከሻው ግን ይናገር ነበረ።

ሃያ ሁለተኛው ቀን ሲነጋ ገመዱ ተቆረጠ።
የጨፈረ የለም። እህቷ መጥታ ቆመች፣
እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት።
ባይንዱ ውሃ ጣደች፣ ቅጠል ዘፈዘፈች፣
ጨርቁን ነክራ አወጣች፣ አጥሩ ላይ ሰቀለች።
ደርቆ ሲፈታማ፣
ቀለሙ ያልደረሰበት፣ ፍርሃት የታሠረበት
ሁሉ ነጭ ክብ ሆኖ ወጣ፤
ጥቁር ሰማያዊ መሀል፣ እንደ ዓይን።

ሃያውን ፈታች። ዘጠነኛውን ተወችው።
«ገና ነው» አለች።
በሒሳቤ ሃያ አንድ ሲቀነስ አንድ ሃያ ነበረ፤
ያን ቀን መልሱ አልመጣልኝም።

ልሄድ ስነሣ ኪሴን አየችና፣
የመሐረቤን ጫፍ በጣቷ ጠቁማ፦
«ያንቺስ፣ መምህርት፣ ስንት ደረሰ?»
ወንበሬን መልሼ አስቀመጥኩ፤
አሁን ቅርብ።