እሺ

ጠረጴዛዋ አንካሳ ናት፣ ከምግብ አዳራሽ የተዋስናት፤
ባጠረው እግሯ ሥር የአናቶሚ መጽሐፍ አስገብተን ያቆምናት።
ቤርሼባ ነው፣ ሰኔ ነው፤ ነፋሱ ከኔጌቭ አሸዋ ያድላል፤
ግሪሻ እስክሪብቶ ያድላል፤ ሱንዱስ የያዘችው ወረቀት ሊበር ይታገላል።
ሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ነን፤ ጋዋናችን ገና ያልለፋ፣
መርፌ ስንይዝ እጃችን የሚርድ፣ ልንጮኽ ስንል ድምፃችን የሚጠፋ።

«አንዴ ይፈርሙልን» እንላለን፣ መምህሩን፣ ተማሪውን፣ ሁሉን፤
ቅጹን በአማርኛ ጽፈነዋል፣ ከርእሱ እስከ ግርጌው ሙሉውን።
ጻፊዋ እኔ ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነበር፣
ባቡር ጣቢያ ዘብ ሲያድር፣ በደረሰኝ ጀርባ፣ ሌሊቱ እንዲያጥር።

«ምን ይላል?» ይላሉ ጥቂቶች። ሱንዱስ፦ «ምንም አይደል፤
የተለመደ ቅጽ ነው። እዚህ ጋ ብቻ። ሐኪሙ ቸኩሏል።»
ይስቃሉ። ይፈርማሉ። እስከ ስምንት ሰዓት አርባ አንድ ሰው ፈረመ፤
አንዱማ ወረቀቱን ገልብጦ ይዞት፣ ፊደሉ ሁሉ በአናቱ እንደቆመ።

*

ቃሉን እኛ አልፈጠርነውም።
ጥር ላይ፣ ስድስተኛው ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ
አባ ስማቸው ተኝተው ነበር፤ ስኳር እግራቸውን አጥቁሮት።
ሐኪሙ በዕብራይስጥ አስረዳ፤ በፍጥነት፣ በደግነትም።
«ገባዎት?»
«እሺ።»
«ጥያቄ አለዎት?»
«እሺ።»
«እዚህ ጋ።»
«እሺ።» አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።
በማግስቱ ብርድ ልብሱን ገልጠው
የእግራቸውን አውራ ጣት ፈለጉ።

በእኛ ቋንቋ ሁለቱም አውራ ጣት ናቸው፤
አንዱ ወንድሙን አሳልፎ ሰጠ፣ ሳያውቅ።

እኔ የት ነበርኩ? እዚያው። ከተማሪዎቹ ረድፍ ኋላ፣
ጋዋኔን እስከ አንገቴ ቆልፌ።
ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተነፈስኩም።

እሺ፦ ሰምቻለሁ ነው። እሺ፦ ልጄ፣ አትድከም ነው።
እሺ፦ ቆመህ ቀረህ፣ ሂድ ወደ ሥራህ ነው።
እሺ፦ አልገባኝም፤ በሰው ፊት ግን እንዴት ላሳፍርህ ነው።
«እሺ ይበልጣል ከሺ» ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤
ሺውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ጥር ላይ አየሁ።

*

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ዲኑ መጡ።
ቅጹን አዩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ እንደገና አዩት።
«ያላነበብኩትን አልፈርምም» አሉ።
«እኛም የምንለው ይኸንኑ ነው» አለች ሱንዱስ፤
«አስተርጓሚ ይኑር፤ ቀንም ሌትም፤ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በሩስኛ፣
በዐረብኛም፤ እናቴ እኔን ስታምጥ አጠገቧ ባልነበረው።»
ዲኑ ዝም አሉ። ነፋሱ ብቻ ተናገረ።
«ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ» አሉ በመጨረሻ።
«እሺ» አለ ግሪሻ፤
ከእኔ የተማራት ብቸኛ የአማርኛ ቃል እሷ ናት።

ሲመሽ፣ ጠረጴዛዋን ስናጥፍ፣ ነፋሱ አንድ ቅጽ ነጥቆ
ከፋኩልቲው ደጃፍ ጣለው። የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ይርገዱ
መጥረጊያቸውን ግድግዳ አስደግፈው አነሡት።
ጎንደር ሳሉ መሠረተ ትምህርት ያስተምሩ ነበር፤
ሦስት ዓመት በፊታቸው ስናልፍ አላወቅንም፤ አልጠየቅናቸውማ።
ጮክ ብለው አነበቡ፦
«የተጻፈው አልገባኝም። ማንም አላስረዳኝም።
ሀኪሙ ቸኩሎ ስለነበር ፈርሜያለሁ።»

ወደ እኛ መጡ። እስክሪብቶ ጠየቁ።
«ሐኪም በሐመሩ ሐ ነው» ብለው የእኔን ሀ ሰረዙ፣
አርመው ጻፉ፣ እስክሪብቶውን መለሱልኝ።
«አንብቤዋለሁ» አሉ። «ገብቶኛል።
አልፈርምም።»