ቋት

ደብዳቤው ሲደርሰኝ ሰኔ አሥራ ስምንት ነው፣
ማኅተም ተረግጦ ግማሹን ያጠፋው፤
«ሠራተኛ ይማም ወር ሲያልቅ ይወጣል፣
የያዘው እውቀት ግን መሥሪያ ቤት ይቀራል፤
ቅጹን አስሞልተህ ከቋት ይግባ» ይላል።

አሥራ ሁለት ሳጥን፤ ሰባተኛው «ልምድ»፣
ሁለት መስመር ብቻ፣ ከዚያ ወዲያ አይፈቀድ።
ሠላሳ አራት ዓመት፣ የደሴ ከርሰ ምድር፣
በዚያች ሁለት መስመር እንዴት ታጥፎ ይደር?
«መስመር» ሲሉት ቧንቧ፣ «ምንጭ» ሲሉት ውሃ ነው፣
ቢሮውና ይማም በአንድ ቃል፣ በሁለት ፍቺ ነው የኖሩት ተግባብተው።

ቅጹን አነበበው መነጽሩን አውልቆ፣
ዓይኑ ከክራባቴ ጫማዬ ድረስ ዘልቆ፤
«ይኼ ጫማ» አለኝ፣ «ለዚህ ቅጽ አይሆንም፤
ለውጠህ ና ነገ፤ ቁጭ ተብሎ አይሞላም።»

በነጋው ወጣን፣ ከቧንቧ ውሃ ጀምረን፣
ጦሳ ጭጋጉን ትከሻችን ላይ ጥሎብን፤
እሱ ፊት ፊት፣ በእጁ ቀጭን ብረት ይዞ፣
እኔ ከኋላ፣ እስክሪብቶዬ በብርድ ደንዝዞ።

«ጻፍ» ይለኛል ቆሞ። «ከሞሚና ሱቅ ደጃፍ፣
ሦስት እርምጃ ወደ መስጊዱ ጥላ ጫፍ፤
በአሱር ሰዓት ነው፣ ጥላው ሲረዝም፤
በጠዋት ከመጣህ ቫልቩን አታገኝም።»

«በሜትር ስንት ይሆን?»
«ሜትሩን አላውቅም፤ ግራር ነበር እዚህ፣
መንገድ ሲያሰፉ ነው የቆረጡት፤ ከዚያ ወዲህ
ምልክቴ ጎኔ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወድቄ፣
ዛሬም እዚህ ስደርስ፣ ሲያመኝ ነው ማወቄ።»

ሳጥን ቁጥር አራት፣ «ምልክት» ከሚለው፣
«የይማም ጎን» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት፤ ማን ሊያምነው?

ከሰኞ ገበያ በታች፣
ብረቱን አስፋልት ላይ ተክሎ ጆሮውን አስጠጋ።
ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ሚዛኗን እንደያዘች ቆመች።
«ሰማህ?»
            አልሰማሁም።
«ይኼኛው ያዝናል፤ ያኛው ግን የሚያጉረመርም፤
የሚያዝነው ያፈሳል። የሚያጉረመርመው ጤነኛ ነው፤ አይነካም።»

ስልት፦ «በጆሮ»።
ይኼን ነው የጻፍኩት፤ ሌላ ቃል አጣሁ ለዚያ ኑሮ።

«ካርታ የለም ወይ?» አልኩት፣ ሻይ ይዘን አራዳ።
«ነበረ፤ ሰማያዊ፣ እንደ አልጋ ልብስ የሚነጠፍ ለእንግዳ።
በዚያ ጥቅምት፣ ቢሮው በር አልባ ሲያድር፣
ማን ያውቃል፤ ቆሎ ተጠቅልሎበት ይሆናል በመንደር።»
ኮምፒውተሩም ሄደ፤ መዝገብ ቤቱን ዝናብ ገባበት፤
የቀረው እሱ ነው፤
በሁለት እግሩ የሚሄድ ቋት፣ ግልባጭ ያልተወሰደበት።

የግድግዳ ሰዓት ሰጠነው፤ ሳምቡሳ፣ ፎቶ፣ ጭብጨባ፤
«ቋት ይግባ» ስንለው፣ ልጁ ዘንድ ሐይቅ ገባ።

ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ሆጤ ላይ ምድር ተረተረ፤
ደረጃው ፏፏቴ ሆኖ የሰው ጫማ ሲንሳፈፍ ነበረ።
ሥራ አስኪያጁ ቋቱን ከፈቱ፤ «ይማም» ብለው መረመሩ፤
«ስልት፦ በጆሮ» ይላል።
ቀና ብለው በእኔ አፈሩ።

የይማም ስልክ ዝግ ነው። ብረቱን ሰው አቀበለኝ።
ዝናብ ሰማሁ። የራሴን ልብ ሰማሁ። ውሻ ሰማሁ።
«እዚህ ጋ» አልኩ፤ ተቆፈረ፤ ድንጋይ ብቻ አገኘሁ።
«እዚህ»፤ አሮጌ መስመር፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ደረቅ።
«እዚህ»፤ ጭቃ፤ ከኋላዬ ሳቅ።
አራተኛው ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በብረቱ በኩል አንድ ነገር አዘነ፤
ቫልቩ እዚያ ሆነ።

ጠዋት ቋቱን ከፍቼ፣ ከሰባተኛው ሳጥን፣
ከተገኘው ቦታ በፊት፣ የሳትኳቸውን ሦስቱን
አስቀደምኩ፤ የት እንደቆፈርን፣ እዚያ ለምን እንደመሰለኝ።
«ቦታው ሞልቷል» አለኝ።
ቀሪውን በወረቀት ጻፍኩት፤ ሞሚና ሱቅ ግልባጭ ተውኩ።

ረፋድ ላይ ጋሽ ይማም ደወለ። «ስንት ጊዜ ሳትክ?» አለ።
«ሦስት።»
«እኔ የመጀመሪያዬ አሥራ አንድ ነበር፤ ማንም አልጻፈውም» ብሎ ሳቀ፤
በስልኩ ውስጥ የሐይቁ ነፋስ አለ።

መስከረም ላይ ዘሀራ የምትባል ልጅ ተቀጠረች፤
«ሥልጠናው በየትኛው ፋይል ነው?» ብላ ጠየቀች።
ጫማዋን አየሁት፤
ነጭ ነው፤ አዲስ ነው።
«ለውጠሽ ነይ ነገ» አልኳት። «በአሱር።»