ሦስተኛው ጥቅስ

ሴጌድ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ጎን ካለች ጠረጴዛ፣
ቲሳ ወንዝ ጉሙን ሲተፋ፣ መስኮቱ በላብ ሲወዛ፣
እኔ ጥቅስ እቆጥራለሁ።
ማን ማንን ጠቀሰ ብዬ እመዘግባለሁ፤
የራስን ከባዕድ ለይቼ፣
የተደገመውን አጥፍቼ፣
ድምሩን ከግርጌ ጽፌ ማኅተም እመታለሁ።

ኅዳር ሲጋመስ የቬርቴሺ ኢልዲኮ ዶሴ መጣ፤
ጡረታ ልትወጣ፣
ለክብር ማዕረግ ታጭታ፣ "ቁጥሯ ይቅደም" ተብሎ።
አርባ ዓመቷ ከበረዶ ባልዲ፣ ከፕሮቲን ጋር ውሎ፣
ስሟ ግን ለሁለት ተሰንጥቆ ጠበቀኝ።
በሀገሯ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ ባሕር ማዶ ይገለብጡታል፤
ግማሿን በ"ቬ"፣ ግማሿን በ"ኢ"፣ ሁለት ቀጫጭን ሴቶች አድርገዋታል።
እንደ ቁስል፣ ሙሉ ቀን ፈጅቼ ሰፋኋት።

ስልሳ አንድ ጽሑፍ። አራት ሺህ ሁለት መቶ ጥቅስ።
ከዳኞች ፊት የሚያደርስ።
ስገባበት ግን፣ ሦስት ሺው የአንዲት ጽሑፍ ነው፤
ሁለት ገጽ፤ ስለ ጨውና ስኳር ልክ፣ ፕሮቲን ሳይበላሽ የሚያቆየው።
የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ማርጊት፣ ዓርብ ማታ ስትቸኩል፣
ባቡሩ እንዳያመልጣት ስትል፣
ብልቃጡን ከበረዶ ውጭ ረሳችው፤
ሰኞ ጠዋት ልትደፋው ስትል፣ ደህና ሆኖ አገኘችው።
ተረቱ ጨው ለራሱ ይጣፍጥ ይላል፤ ይሄኛው ለሰው ሁሉ ጣፈጠ፤
ያገኘው እጅ ግን ከመዝገብ አመለጠ።
ማርጊት ከምስጋናው ሥር ናት፣ በደቃቅ ፊደል፣ በመጨረሻው መስመር፤
እኔም ልረዳት አልችልም፤
ምስጋና አይገባም ከድምር።

ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ።
ከጠቃሾቹ አንዱ፣ ድሮ፣ የገጿን ቁጥር ሲጽፍ አንድ ዜሮ ገደፈ፤
ያ ግድፈት ከግርጌ ወደ ግርጌ፣ እንደ ዘር በሽታ አለፈ።
ልጅ ከአባት፣ የልጅ ልጅ ከልጅ፣
ሳያነቡ ሲገለብጡ፣ ሳይቀምሱ ሲሉ "ግሩም፣ ወርቅ እጅ"።
ጥቅስ ነው ብዬ የቆጠርኩት፣ ለካ ብዙው ጥቅሻ ነው፤
ባለፈበት ዓይኑን ሰበር አድርጎባት፣ መንገዱን የቀጠለው።

ሠላሳ አራተኛው ተራ ላይ፣
ሰባት ዓመቷን የበላ አንድ ጽሑፍ አለ፣ እንደ ጥር ፀሐይ
ብልጭ ብሎ የጠፋ፦
የሴል ግድግዳ ላይ ስላለች በር፣
ማን አንኳኩቶ እንደሚያስከፍታት፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ምክር።
ሦስት ጥቅስ።
ሁለቱ የራሷ ናቸው፤ ሰረዝኳቸው፤ ደንብ ነው።
ሦስተኛውን ከፈትኩት።

ከቫልፓራይሶ፣ ከቺሊ ወደብ። ኦሪያና ካዩፓን፤ የመመረቂያ ጽሑፍ።
ስሟን አሳስታ ጽፋዋለች፣ "ቤርቴሲ" ብላ። ቢሆንም ገጽ ሙሉ ስለሷ ብቻ ትጽፍ፦
"በአራተኛው ሥዕል ላይ ቀስቱ የተገለበጠ ይመስለኛል፤
በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ሙከራውን አሥራ አንድ ጊዜ ደግሜዋለሁ።
የቀረው ሁሉ ግን ልክ ነው፤
እኔም ይህን ሙያ የመረጥኩት፣ እሱን ካነበብኩ ወዲህ ነው።"

ደንቡ አይፈቅድም፤ ደወልኩላት።
ካፖርቷ እየተንጠባጠበ መጣች። ድምሩን ገፋ አድርጋ፣
ገጹን ቆማ አነበበች። እንደገና። ጣቷን ከመስመር መስመር አስጠግታ።
ከዚያ እርሳስ ጠየቀችኝና፣
በራሷ ጽሑፍ ላይ፣ የሃያ ሁለት ዓመቱን ቀስት አዞረችው፣ ቀና።
"ልክ ናት" አለች። ሳቋ መጣ።
"ይህን ሁሉ ዘመን፣ በሩን በተሳሳተ ወገን ነው የገፋሁት፣ እያልኩ ይምጣ!"

ቅጹ ላይ ለዚህ ሳጥን የለም።
ከግርጌው "አንድ" ብዬ ጻፍኩ፤ ማኅተሜ ከሌላ ቀን ጠንክሮ ከሆነ፣ እጄን አላምም።
"ማርጊትንስ የት ታስገባታለህ?" አለችኝ፤
መልስ አልነበረኝ፤ ስታየኝ ቆየችና ተወችኝ።
ስትወጣ የምድር ቤቱን መዝጊያ ሳበችው፣
እንቢ አላት፤ ደግማ ሳበችው፤
ቆም አለች።
ገፋችው።