የጃንጥላ ጠጋኙ ልጅ

በኮኩራ ከተማ፣ በጥርስ ሐኪም ደጃፍ፣
ስም መዝግቤ ስውል፣ ቀጠሮ ስጽፍ፣
ማንም አያውቅብኝ ማታ የማደርገውን፥
የሞተ ሰው አነሣለሁ፣ ከፍቼ መቃብሩን።

ሰውየው የእኔ አይደለም። የቴሌቪዥን ነው።
ሐሙስ ሐሙስ ማታ አገር የሚያየው
ረጅም ድራማ ውስጥ፣ በዘጠነኛው ክፍል፣
ጃንጥላ ጠጋኝ ሆኖ በድልድይ ሥር ሲውል፣
ሁለት ቃል ተናግሮ፣ «ሊዘንብ ነው» ብሎ፣
በማያውቀው ጠብ መሐል ቀረ ተገድሎ።
ስም እንኳ አልሰጡትም።
ካሜራው ዞረ ወደ ጀግናው።
እኔ ግን እዚያው ቀረሁ
ካልተጠገነው ጃንጥላ ጋር፣ ከድልድዩ ሥር፣ ከጭቃው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እውነት ነው።
እኔ ግን ወርቃቸውን የተዋስኩት መች ነው?
የጣሉትን ቆርቆሮ፣ ከደጅ የወደቀ፣
አንሥቼ ወለወልኩት። ምን ላድርግ? ደመቀ።

ስም አወጣሁለት። ሚስት ሰጠሁት፣
(ጨካኝ ነኝ) መልሼ ነጠቅሁት፤
አንዲት ልጅ ተውኩለት፣
በግራ እጇ የምትሰፋ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚያስነጥሳት።

ከጉርሻዬ ቀንሼ አርባ ቅጂ አሳተምኩ፣
በጥቅምት እሑድ ጠዋት ሻንጣ ሙሉ ጎተትኩ
እስከ ፉኩኦካ አዳራሽ። ጠረጴዛ በረድፍ።
ግማሹ የእኔ፤ ግማሹ የሺጌዮ፣
ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሹፌር፣
ስለ ሁለት ጠፈርተኞች ፍቅር የምትጽፍ።
«ቅመሺ» ትለኛለች፣ ብርቱካን እየላጠች፣
«ገዢ የራበውን ሻጭ ይሸሻል» እያለች።

የድራማው ባለቤቶች ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤
እስካልበዛ ድረስ፣ አይተው እንዳላየ ያልፋሉ።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ፥
የማተሚያ ቤት፣ የባቡር፣ የጠረጴዛ ኪራይ፣
(ብርቱካኑ በነጻ ነው፣ ከሺጌዮ ሲሳይ)
አንዱ ቅጂ ስድስት መቶ የን፣ ሠላሳ አንድ ተሸጠ፣
ወጪው ሲቀነስ የተረፈው
አንድ ጎድጓዳ ሳህን ኑድል፣ እንቁላል ከላዩ የተቀመጠ።
ያን ኑድል ግን ስበላ፣ አልዋሽም፣ እንደዚያ ቀን
ደመወዜ ጣፍጦኝ አያውቅም፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ፣ አንድም ቀን።

ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሽማግሌ መጣ፣
ገጽ ሃያ ሁለትን ገልጦ መነጽሩን አወጣ።
«የዚህ ጃንጥላ አጥንት ስንት ነው ያልሽው?»
«ሃያ አራት።»
«አርባ ስምንት ነው።
አርባ ዓመት ቀርከሃ ሰንጥቄ ነው ያወቅሁት።»
ከፈለ። መልሱን አልጠበቀም። ሄደ።
እኔም ብዕር አንሥቼ፣ ፊቴ እየነደደ፣
በቀሩት ዘጠኝ ቅጂዎች ላይ ቁጥሩን አረምኩት።

በዓመቱ እዚያው አዳራሽ፣ በሦስተኛው ረድፍ፣
ሆናሚ የምትባል፣ ገና ከትምህርት ቤት ደጃፍ፣
ቀጭን መጽሐፍ ዘርግታ።
ሽፋኑ ላይ ልጄ ናት! የእኔዋ፣ ግራኟ፣
መርከብ ላይ ቆማ፣ ወደ ኦሳካ፣
ጥላኝ ስትሄድ አሳብራ።
ደሜ ፈላ። ማን ፈቀደ?
ያን ማስነጠሷን እንኳ ድናለች ብላ ጽፋ!
ሦስት ክረምት ያሳደግኋት፣
ስሟን ስመርጥ እንቅልፌ የጠፋ!

ሺጌዮ የብርቱካኑ ልጣጭ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች፥
«እሰይ! ብድር በምድር! አንቺስ ከማን ወሰድሽ?» አለች።

ምን እላለሁ። ሰባት መቶ የን፣ ከእኔ መቶ ይበልጣል፣
ቆጥሬ ሰጠኋት። ልጅቱ ጎንበስ ብላ አመሰገነች፤
ማን እንደሆንኩ አላወቀች።

በባቡር ስመለስ መስኮቱን ዝናብ ያጥበዋል።
ጨካኝ ሆኜ ነበር ያነበብኩት፣ ስሕተት ስለቅም።
ገጽ ሠላሳ ላይ ግን ልጅቱ፣ ከመርከቡ ጫፍ፣
የአባቷን ጃንጥላ ትዘረጋለች፣
አጥንቱን በጣቷ ትቆጥራለች፣ ቀስ ብላ፣
እስከ አርባ ስምንት።