ኮሚንን ማዳመጥ

በሩ ሲንኳኳ ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል፣
የደረጃው መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል።
ቪት ነው፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ በፒጃማው ቆሞ፣
አይጧን እንደ ትኩስ ዳቦ በመዳፉ ከድኖ።
«ወይዘሮ ድራሆሚራ፣ ኮሚን ደም አለቀሰች!»
አፉ ተንቀጠቀጠ፤ እሷ ግን ዝም አለች።

ዝምታ የአይጥ ጥበብ ነው፣ ልጄ፣ ግባ ተቀመጥ።
ድካሟን ያሳየች፣ ጥንት በዱር ሳለች፣
ለጉጉት ራት ቀድማ የምትመረጥ ነበረች።
ሕመሟን እንደ ሰረቀችው አይብ ትሸሽጋለች፤
ስታቃስት ከጠበቅሃት
ዘግይተሃል።

ጥጥ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ዓይኗን ጠረግኩት፣
የዝገት ቀለም ያዘ፣ መብራት ሥር አሳየሁት።
«ደም አይደለም። ከዓይኗ ጀርባ እጢ አለ፣
እንባዋ ቀይ ነው፣ ዓይኗ አልቆሰለ።
ግን እንዲህ ሲበዛ በከንቱ አይመጣም፤
አንድ ነገር ከፍቷታል፣ ወይም አሟታል።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ብርኖ ላይ ትራም ነድቻለሁ፣
ፍሬን ከመበጠሱ በፊት እንደሚናገር አውቃለሁ።
መካኒኮቹ ይስቁ ነበር፦ «ሴትዮዋ ብረት ታዳምጣለች!»
በማግስቱ ያልኳት መንኮራኩር ተሰንጥቃ ትገኛለች።
የኮሚንንም ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ከመስመሬ ፌርማታ።

እንደ ስልክ ወደ ጆሮዬ አስጠጋኋት።
ጥቅ… ጥቅ… ጥቅ…
ከምድጃ የወጣ ዳቦ ቅርፊቱ ሲቀዘቅዝ እንደሚለው።

«ሳንባዋ ነው። ተሕዋሱን ከእናቷ ወርሳዋለች፣
እሱ አድብቶ ይኖራል፣ የምትደክምበትን ቀን ጠብቆ።»
«ይድናል?»
ልዋሸው ፈለግኩ፤ አልሆነልኝም።
«አይነቀልም። ግን ይታሰራል።»

«ምን ላይ ነው የምትተኛው?»
«አባቴ የጥድ ሰጋቱራ ገዛ፤ ሽታው ደስ ይላል።»
«ለእኛ ደስ ይላል፣ ለእሷ ሳንባ ያቃጥላል።
ዛሬውኑ አውጣው፤ ንጹሕ ወረቀት ቅደድላት፣
ያልተጻፈበት የሒሳብ ደብተር ካለህ…»
«ብዙ አለኝ» አለ፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ።

የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ነው ይባላል፤
እኔ ቤት ግን የዱቄት ሚዛን ይመሰክራል።
ሦስት መቶ አሥር ግራም።
«ባለፈው እሑድስ?» አያውቅም።
«እንግዲህ ደብተርህ የሚጻፍበት ሒሳብ አገኘ።»

ብዙ ሐኪም አይጥ ሲያይ እጁን ይሰበስባል፣
ከገበያው ጀርባ ያለችው ዶክተር ሃኔ ግን አትፈራም።
ጠዋት ትምህርት ቤት ሳይሆን እዚያ ሄድን፤
ዶክሲሳይክሊን ሰጠችን፣ መጠኑን በጣቷ እያሳየች፦
ጠዋትና ማታ፣ በተፈጨ ሙዝ፣ በወተት አይደለም፤
«ተሻላት ብለህ በሦስተኛው ቀን እንዳታቆም!»

ስንመለስ፣ ትራም ውስጥ፣ ድንገት ጠየቀኝ፦
«የእርስዎ ሊሸንስ በምን ሞተች?»

ክረምት ላይ ጡቷ ሥር ባቄላ የምታህል እብጠት ዳሰስኩ፤
እግሬን ያመኝ ነበር፣ በረዶ ነበር፣ ነገ ነገ እያልኩ
ለውዝ አከለች፣ ከዚያ እንቁላል።
ዶክተሯ ቀደደች፣ አወጣች፣ ሊሸንም ተነሣች፤
ዘጠኝ ወር ኖረች። በመጨረሻ የኋላ እግሯ ከዳት፣
መሰላሏን አነሣሁ፣ ውሃዋን ወደ ታች አወረድኩላት፣
አንድ ጠዋት ሙዙን ከጣቴ ላይ ሳትልስ ቀረች።
በዕድሜዋ ሞተች ብዬ ለሰው እናገራለሁ፤
ያንን «ነገ» ያልኩትን ሦስት ሳምንት ግን
ዛሬም እቆጥረዋለሁ።

ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። «አርጅታ» አልኩት።
ከዚያ ግን መዳፉን ይዤ
ብብቷን፣ ሆዷን፣ የጡቷን ሥር እንዴት እንደሚዳስስ አሳየሁት።

በሦስተኛው ሳምንት መጣ፣ ደብተሩን ታቅፎ፦
ሦስት መቶ ሃያ ሁለት፤ ሁለቱን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።
ኮሚንን ጆሮው ላይ ለጠፋት።
ፊቱ ገረጣ። «ምንም አይሰማም!»
«ምንም?»
«ምንም።»
«እሱን ነበር የምንፈልገው።»

አላመነኝም። ያን ጊዜ ስምንት ቁጥር ትራም አለፈ፣
መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፤
እስኪያልፍ ጠበቅን፣
ደግመን አዳመጥን።